የጫማ ሰፊው እግር

የዚያን ቅዳሜ ካፊያው ሌሊቱን ሲያካፋ አድሮ ጠዋትም አላቆመም። ዘነበ እንዳይባል ጎርፍ የለም፤ አባራ እንዳይባል ሰው ይረጥባል። ካርቶን አንጥፈው ደጅ የሚያድሩት ሰዎች፣ ካርቶናቸው ረጥቦ ስለተበጣጠሰባቸው ከወትሮው ቀድመው ተነስተው ነበር። እታለም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የአዳራሹን በር ልትከፍት ስትደርስ፣ አሥራ ሰባት ሰዎች ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ይጠብቋት ነበር።

«ዛሬስ አረፈድሽ!» አለቻት ሁልጊዜ ቀድማ የምትመጣው ባለ ሦስት ካፖርቷ አሮጊት።

«ሰዓት የለሽ፤ በምን አወቅሽ?»

«ጉልበቴ ነገረኝ። ከአንቺ ሰዓት እሱ ይሻላል።»

እታለም ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቁልፉን አዞረች። ዐይኗ ግን አሥራ ሰባቱን አንድ በአንድ እያየ አንድ ሰው ይፈልግ ነበር። ያ ሰው የለም።

እታለም ትክክለኛ ስሟ አይደለም። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ነው። ለአዳራሹ ጽዳት ከተቀጠረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ የስፌት ሥልጠና ይሰጥበታል፤ ቅዳሜ ግን የሕክምና ተማሪዎች ሁለት ሣጥን ተሸክመው ይመጡና ቤት የሌላቸውን ሰዎች በነፃ ያክማሉ። ተማሪዎቹ ስድስት ሰባት ይሆናሉ። የሚያስተምሯቸው ሽበታም ሐኪም ከኋላ ቆመው ይመለከቷቸዋል፤ ሲሳሳቱ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

ተማሪዎቹ መጀመሪያ የመጡ ጊዜ የመብራቱን ማብሪያ እንኳ የነገረቻቸው እሷ ናት። አግዳሚ ወንበሮቹን ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ደርድረው ነበር፤ የሚቀመጥባቸው ጠፋ። «ደጅ የሚያድር ሰው በር በጀርባው አይወድም። ማን እንደሚገባ ማየት አለበት» ብላ አዞረችላቸው። ሰዉ ቁጭ ቁጭ አለ። ይሄን መጽሐፋቸው አልነገራቸውም። ከዚያ ወዲህ «ፕሮፌሰር» ይሏታል። አምስተኛ ክፍል ሳትጨርስ ትምህርት ያቆመች ሴት ናትና መጀመሪያ የሚያላግጡባት መስሏት ተቀይማ ነበር። ኋላ ላይ ለመደችው።

የምትጠብቀው ሰው ወደ ሦስት ሰዓት ግድም መጣ። ሰፈሩ «ወስፌ» ይለዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ጫማ ሰፍቷል፤ ስሙን ያገኘው ግን ከሥራው ብቻ አይደለም፣ ምላሱም ይወጋል። ግራ እግሩ ላይ ፋሻ ጠምጥሞ፣ በፋሻው ላይ የላስቲክ ከረጢት አጥልቆ፣ በመጥረጊያ እንጨት እየተደገፈ ገባ። እታለም መወልወያዋን ይዛ ቀና አለች። ወዲያው መወልወሏን ቀጠለች። እሱም አላያትም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ።

ወስፌ ታላቅ ወንድሟ ነው። ይህን ከተማሪዎቹ አንድም የሚያውቅ አልነበረም።

እናታቸው ስትሞት እሷ አሥር ዓመቷ ነበር፣ እሱ አሥራ ዘጠኝ። ጎረቤቶች ተሰብስበው ልጅቷ ወደ ዘመድ ትሂድ ብለው ሲመክሩ ሰማና በሩ ላይ ወንበር አስቀምጦ ተቀመጠ። «እህቴን የሚወስድ በእኔ ላይ ተራምዶ ይሂድ» አለ። ከዚያ ጫማ መስፋት ተማረ። የመጀመሪያ ሥራው ለእሷ የጠጋገናት ጫማ ነበረች፤ አንዱ እግር ከሌላው ይበልጥ ነበር። ትምህርቷን ያቆመችው በራሷ ፈቃድ ነው፤ እሱ ከጨለመ ሲገባ ባዶ ቤት እንዳይጠብቀው ብላ። ይህን ያወቀ ዕለት ሳምንት ሙሉ ኩርፊያ! ቅያሜው ሲድራትም አልለቀቀውም፤ በሠርጓ ቀን «ተምረሽ ቢሆን ከዚህ የተሻለ ባል ታገኚ ነበር» አላት፣ ሙሽራው እየሰማ።

ባሏ ሞተ። አሁን በልጇ ቤት ትኖራለች፤ ሁለት ክፍል ናት፤ ልጇ፣ የልጇ ባልና ሦስት የልጅ ልጆች አሉ። ወንድሟ ተከራይቶ የነበረው ቤት ለመንገድ ሥራ የፈረሰ ጊዜ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ጫማ የሚሰፋበት በረንዳም አብሮ ፈረሰ። ሌላ ቦታ ሞከረ፤ ግን የዘንድሮ ጫማ ሲቀደድ ይጣላል እንጂ አይሰፋም። ቀስ በቀስ ከተዘጋው ሲኒማ ቤት ደረጃ ሥር ገባና ቀረ። «ና፣ እኛ ጋ እደር» ብትለው «በሰው ቤት ጥግ እንደ አሮጌ ወንበር አልቀመጥም» አላት። የልጇን ባል ስለ ነገሩ ጠይቃው አታውቅም። ሹፌር ነው፤ ደክሞት ገብቶ በልቶ ይተኛል። ዝምታውን አይታ መልሱን በራሷ ሞላችው። እንዲህ ነገር ሲበዛባት መተው ትወዳለች እታለም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትተው ነው የኖረች።

እግሩን የወጋው የራሱ ጫማ ነው። የሰው ጫማ ሲጠግን የኖረ ሰው የገዛ ጫማው ሚስማር ሶሉን ዘልቆ ከአውራ ጣቱ ሥር ገባበት። ሳይታከም ከርሞ ሲያብጥ እታለም እየለመነች፣ እየተቆጣች ወደ አዳራሹ አመጣችው። እሱ ግን አስምሏት ነበር። «እህቴ ነሽ ብለሽ ብትናገሪ ተመልሼ አልመጣም። እህቱ ቤት እያላት ደጅ ያደረ ተብዬ አልጠራም።» እሷም በልቧ ደስ አላት፤ ለእሷም ማፈሪያ ነበርና። ደስ በማለቷ ደግሞ አፈረች።

ይህ የሆነው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ያኔ የተቀበለችው ረጅሟ ተማሪ ነበረች፤ ቁመቷ የበሩን መቃን ሊነካ ምንም የማይቀረው፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ የምትናገር ልጅ። ቁስሉን አጠበች፣ ስኳሩን ለካች፣ ደህና ነው አለች፣ ፋሻ ጠቀለለች። ሃያ አንድ ፍሬ ኪኒን ሰጥታ «አባባ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» አለችው። «ከምግብ በኋላ» ብሎ ደገመላት፣ እንደ ተማሪ። እታለም ከጎናቸው ወለል እየወለወለች ሰምታለች። ባለፈው ቅዳሜ ቁስሉ እንዳለ ነበር፤ ረጅሟ ቀጥልበት ብላ ሌላ ሃያ አንድ ፍሬ ጨመረችለት።

ዛሬ ግን ፋሻው ሲፈታ ሽታው ቀድሞ ደረሰ። ረጅሟ ፊቷን ላለማጨማደድ ታገለች።

«ምን ሸተተሽ?» አላት ወስፌ። «ቆዳ እንዲህ ነው ሳይለፋ ሲቀር።»

«አባባ፣ ያማል?»

«ሲያም ደህና ነበር። አሁን ዝም ብሏል።»

ሽበታሙ ሐኪም መጡ፤ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ጣቱን ጫን ጫን አደረጉ፣ ጉሮሯቸውን አልጠረጉም። ረጅሟን ወደ መስኮቱ ወሰዷት። እታለም መወልወያዋን እየገፋች ተከተለቻቸው፤ ወለል የሚወለውል ሰው የትም ቢቆም ማንም ልብ አይለውም።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ መድኃኒት ወስዶ እንዲህ ከሆነ» አሉ ሐኪሙ፣ «ቁስሉ ለመድኃኒቱ አልተበገረም ማለት ነው። ሰኞ ሆስፒታል ይግባ። ቀዶ ሐኪሞች ይዩት። እኔ እንደሚመስለኝ ጣቱ ብቻ አይበቃም። ከቁርጭምጭሚቱ ሊሆን ይችላል።»

 መወልወያው ከእታለም እጅ ወድቆ ጓ አለ።

ለወስፌ የነገሩት ቀስ ብለው ነው። እሱ ግን ረጅሟን ቀና ብሎ አያት። «እንግዲህ ግማሽ ጥንድ ጫማ ይበቃኛል ማለት ነው። ሌላውን ግማሽ አንድ እግር ለቀረው ለሌላ እሰጣለሁ። ሥራችን እንዲህ ነው፣ ምንም አይጣልም።» አጠገቡ የተቀመጡት ሳቁ። ረጅሟ ወደ ጓዳው ገባች፣ ከሣጥኖቹ ጀርባ ስታለቅስ እታለም አየቻት።

እታለም ግን አላለቀሰችም። የታያት ደረጃው ነው፤ የተዘጋው ሲኒማ ቤት ደረጃ። በአንድ እግር እዚያ እንዴት ይወርዳል? እንዴት ይሸናል? ውሻ ሲመጣበትስ? ከዚያ በኋላ ስለ መሐላውም ስለ ሰዉም ማሰብ ተወች። ወንድሟን በብብቱ ደግፋ ወደ መታጠቢያው ክፍል ይዛው ገባች።

«ምን ታደርጊያለሽ አንቺ ልጅ? ያዩናል!»

«ይዩና! ካፖርትህ በስብሷል። አውልቅ።»

«እህቴ ነሽ እንዳይሉ—»

«ጋሼ፣ አውልቅ ብያለሁ!»

ጋሼ ካለችው ብዙ ጊዜ ሆኗታል። ዝም ብሎ አወለቀ። ካፖርቱን ልትጨምቅ ኪሱን ስታራግፍ፣ ወስፌው፣ የክር ጥቅል፣ ቁራሽ ሻማና የኪኒኖቹ ሁለት ማሸጊያ ወጡ። አንደኛው ከነጭራሹ አልተነካም። ከሌላኛው የጎደለው ሰባት ፍሬ ብቻ ነው።

እታለም ሁለት ጊዜ ቆጠረችው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«መድኃኒቴ ነው።»

«ለምን አልዋጥከውም?»

«ዋጥኩ እንጂ!» ተቆጣ። «እንደታዘዝኩት ዋጥኩ። ከምግብ በኋላ አለችኝ፤ ምግብ ስበላ እውጣለሁ። ሐኪም ያዘዘውን እኔ ማን ነኝና አፈርሳለሁ?»

«በሁለት ሳምንት ሰባት ጊዜ?»

ወስፌ ካልሲውን መጎተት ጀመረ።

«ጋሼ፣ በሁለት ሳምንት ሰባት ጊዜ ብቻ ነው የበላኸው?»

«ዳቦ አለ። ሻይ አለ። ዳቦ ምግብ ነው እንዴ? እኔ ምግብ የምለው ተቀምጬ ስበላ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚያች ልጅ ፊት ምግብ የለኝም ልበላት? በልጅቷ ዕድሜ የልጅ ልጅ ይኖረኝ ነበር።»

 እታለም የምትተኛበት ቤት ከዚያ ደረጃ በእግር ሩብ ሰዓት ነው። ግን ተቀምጦ መንሰፍሰፊያ ጊዜ አልነበረም፤ ሌላ ነገር ቀስ ብሎ እየገባት ነበር። አምስተኛ ክፍል ያልጨረሰ ጭንቅላቷ በዝግታ አሰላው። ለመድኃኒቱ አልተበገረም ያሉት ወስዷል ብለው ነው። አልወሰደም። እንግዲያ መድኃኒቱ ገና አልተሞከረም ማለት ነው!

ማሸጊያዎቹን ይዛ ሮጠች። ሐኪሙ የሌላ ሰው ደረት እያዳመጡ ነበር፤ መሃላቸው ገባች።

«ዶክተር፣ አልዋጠውም!»

«ማነው ያልዋጠው?»

«ወንድሜ! ወስፌ ወንድሜ ነው። ከምግብ በኋላ ብላችሁት፣ ምግብ ስለሌለው አልዋጠውም። ሰባት ብቻ ነው፣ ይኸው ይቁጠሩት።»

 «ወንድሜ» የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ የፈራችው ነገር አልመጣም። ጣሪያው አልወደቀም። ባለ ሦስት ካፖርቷ ብቻ «እኔስ አፍንጫችሁ አንድ ነው ብዬ ነበር» አለች።

ሐኪሙ ማሸጊያዎቹን ገለባበጡ። ረጅሟ ዐይኗ እንደቀላ ከጓዳው ወጥታ ከኋላቸው ቆማ አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። «ስንት ጊዜ ይበላሉ ብዬ አልጠየቅኳቸውም» አለች።

«እኔም አልጠየቅሁ» አሉ ሐኪሙ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከምግብ በኋላ እያልኩ ጽፌያለሁ።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ እታለምን ቀና ብለው አዩዋት። «ስሚኝ ፕሮፌሰር። እግሩ ዳነ ማለት አይደለም። ቁስሉ ሳይታከም ብዙ ቀን ባክኗል። አጥንቱን ነክቶት እንደሆነ ሰኞ በራጅ እናያለን፤ ከነካው ያልኩት ያው ነው። ካልነካው ግን መድኃኒቱ ዕድል አለው። ዛሬ፣ አሁን መጀመር አለበት። ሦስት ጊዜ በልቶ፣ ሦስት ጊዜ ውጦ፣ ደረቅ ቦታ ተኝቶ። ይህ በደረጃ ሥር አይሆንም።»

«እኔ ጋ ይሆናል» አለች እታለም፤ ይሁን አይሁን ሳታውቅ።

ወስፌ ግን እምቢ አለ። በማንም ቤት አልገባም፣ እግሬን ቁረጡና ተዉኝ አለ። ለመኑት፣ ተቆጡት፣ ፍንክች የለም። በመጨረሻ የገባት ረጅሟ ናት። የሐኪሙን ማዘዣ ወረቀት አወጣችና ቁጭ ብላ ጻፈች፤ ሐኪሙ አንብበው ከንፈራቸውን ነክሰው ፈርመው ማኅተም አደረጉበት። ወረቀቱን ለወስፌ ሰጠችው። እያንዳንዱን ቃል በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ አነበበው።

«ምግብ። በቀን ሦስት ጊዜ። በእህታቸው ቤት። ተቀምጠው። ዳቦም ምግብ ነው።» ቀና አለ። «ማኅተም አለው?»

«አለው፣ ይኸው።»

ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። «እንግዲህ ሐኪም ካዘዘ ምን አደርጋለሁ» አለ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እታለም ወንድሟን ደግፋ ቤት ስትደርስ፣ የልጇ ባል በር ላይ ጫማውን እያወለቀ ነበር። ሹፌሩ ሽማግሌውን አየ፣ ፋሻውን አየ፣ እሷን አየ። እታለም መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ጠፋባት።

«ወንድሜ ነው» አለች ብቻ።

«አውቃለሁ» አለ። «ከሲኒማ ቤቱ ጋ ሳልፍ አያቸዋለሁ። እማማ ራስዎ እስኪያነሱት ብዬ ነው ዝም ያልኩት፤ ያፍራሉ ብዬ።» ወስፌን በሌላኛው ብብቱ ያዘው። «ይግቡ አባባ። ማንኮራፋት ይችሉበታል?»

«እንዴታ! ሙያዬ ነው።»

«እንግዲያ ከእኔ ጋር ይወዳደራሉ።»

እታለም ስንት ዓመት የፈራችውን መልስ በአንድ ደቂቃ ሰማችው። መደሰትም መናደድም አማራት፤ ሁለቱንም ለሌላ ጊዜ አቆየቻቸውና ድስት ጣደች።

ሰኞ ሆስፒታል ከሁለት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ጠበቁ። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ ወለሉ በደንብ አልተወለወለም፣ ጥግ ጥጉን ዘለውታል፤ እታለም ልብ አለች። ረጅሟ ተማሪ ከትምህርቷ ቀርታ አብራቸው ነበረች። ወስፌ የሚያልፈውን ሰው ጫማ እያየ ይሰድባል፦ «ይሄ ሶል ነው? ወረቀት ነው እንጂ! ያንቺም ተረከዝሽ ወደ ቀኝ ተበልቷል፣ አካሄድሽን አስተካክይ።» ማንም አልሳቀለትም። እሱም ከእግሩ በስተቀር ስለ ሁሉም ነገር አወራ።

ስምንት ሰዓት ግድም ሽበታሙ ሐኪም ራጁን በእጃቸው ይዘው መጡ። መስኮቱ ጋ ወስደው ወደ ብርሃኑ ዘረጉት። እታለም ነጭና ጥቁር ብቻ ነው የታያት። የሐኪሙን ፊት ለማንበብ ሞከረች፤ እሱም አልታይ አላት።

«አጥንቱን አልነካውም» አሉ።

«ማለት?»

«ማለት እግሩ አይቆረጥም። መድኃኒቱን በደንብ ከወሰደ ይድናል። ከቅዳሜ እስከ ዛሬ እንኳ እብጠቱ ቀንሷል፤ ይኸው።»

ረጅሟ ሐኪሙን አቀፈቻቸው፤ ከዚያ መምህሯ መሆናቸው ትዝ ብሏት ደንግጣ ለቀቀች። ወስፌ «እንግዲህ ሙሉ ጥንድ ልስፋ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እታለም አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። እልል ልትል አስባ ነበር፤ ግን ሁለት ሌሊት ዐይኗን አልከደነችም። እፎይ ብላ ጀርባዋን ለግድግዳው ስትሰጥ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ስትነቃ የረጅሟ ነጭ ጋውን ጉልበቷ ላይ ተደርቦላታል፣ ወንድሟ ደግሞ ከላይዋ ቆሟል።

«ጨረስሽ?» አላት። «በሽተኛው እኔ ነኝ፣ የምትታመሚው አንቺ። ነይ ተነሽ፣ የምግብ ሰዓቴ እያለፈ ነው። ማኅተም ያለበት ነገር አይዘለልም።»

ቁስሉ ለመድረቅ ሰባት ሳምንት ፈጀበት። የአውራ ጣቱ ጥፍር ወልቆ ቀረ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ተማሪዎቹ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ማንኛውንም በሽተኛ ከስሙ በፊት «ትናንት ምን በሉ?» ብለው ይጠይቃሉ። ባለ ሦስት ካፖርቷ መጀመሪያ ሲጠይቋት «ምነው፣ ልትጋብዙኝ ነው?» ብላቸው ነበር። ረጅሟ በዓመቱ ተመርቃ ሩቅ ቦታ ሄደች።

እታለም ዛሬ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ወገቧን ያማታል፤ ሥራውን ግን አልተወችም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አዳራሹን ታጸዳለች፣ እሑድ ትተኛለች። ወንድሟ ከእነሱ ጋር፣ ከልጆቹ ክፍል በስተጥግ ፍራሽ ተዘርግቶለት ይኖራል፤ ይነጫነጫል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል፣ በሁለቱም እግሩ ይሄዳል።